ለኢፍጣር ሰዓት የሚበቃው ጀነሬተር

ረመዳን በገባ ቁጥር በመስጊድ ደጃፍም ሆነ በጎረቤት መካከል ከሚነሱት ወሬዎች አንዱ የመብራት ነገር ነው። የ1447 ዓመተ ሒጅራ ረመዳንም ከዚህ ወሬ አላመለጠም። ሾርባው ተጥዶ፣ የሳምቡሳው ዘይት እየጋለ፣ ልጆች ቴምሩን ደርድረው አዛን ሲጠባበቁ መብራቱ ድርግም ይላል። ለሱሁር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው በሞባይል መብራት ማዕድ ቤት የሚዳብሱ እናቶችም ጥቂት አይደሉም። በዚህ ጊዜ አቅም ያለው ቤተሰብ «ጀነሬተር እንግዛ» ይላል። ክርክሩም ከዚያ ይጀምራል። አንዱ «ከገዛህ አይቀር ትልቁን ውሰድ» ይላል፤ ሌላው «ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ምን ትልቅ ያስፈልጋል?» ብሎ ይመልሳል። ሻጩ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ያለውን ያመሰግናል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በብዙ ቤት ለጀነሬተር የሚወጣው ገንዘብ ወይ የዓመት ቁጠባ ነው፣ ወይ የዕቁብ ዕጣ ነው፣ ወይ ደግሞ ልጅ ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ ላቧን አንጠፍጥፋ የላከችው ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ አማና ነው። ሳይለካ ከወጣ ወይ የማይበቃ ማሽን ይገዛል፣ ወይ ነዳጅ ሲበላ የሚኖር ግዙፍ ብረት ጓሮ ይቀመጣል።

እኛ የምንለው ይህን ነው። ጀነሬተር በቤቱ ስፋት፣ በቤተሰቡ ብዛት ወይም በጎረቤት ማሽን አይለካም። የሚለካው መብራት በጠፋበት ሰዓት የግድ መሥራት ያለባቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ በመቁጠር ነው። ያን ቆጠራ ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ደግሞ የእንጀራ ምጣዱ ነው።

ግድቡ ተመርቆ መብራት ለምን ይጠፋል?

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሀገራችን ለጅቡቲና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች። ታዲያ ብዙ ሰው «ለጎረቤት ሀገር የተረፈ መብራት እኛ ቤት ስለምን ይጠፋል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ግድቡ ዘንድ አይገኝም።

ኤሌክትሪክ ከግድቡ ተነስቶ እኛ ቤት እስኪደርስ ረጅም መንገድ አለው። በከፍተኛ መስመር ወደ ከተማ ይመጣል፤ በማከፋፈያ ጣቢያ ይቀነሳል፤ በ15 ሺህ ቮልት ወይም በ33 ሺህ ቮልት መስመር ወደየሰፈሩ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት አውርዶ ለቤቶች ያካፍለዋል። ግድቡ የቱንም ያህል ቢያመነጭ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ለ50 ቤት ታስቦ ተተክሎ አሁን መቶ ቤት ከተንጠለጠለበት አይችልም። ያረጀ ሽቦ፣ የላላ ማያያዣ፣ በነፋስ መስመር ላይ የወደቀ ቅርንጫፍም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

የኢፍጣር ሰዓት ደግሞ ለዚህ ትራንስፎርመር ከባዱ ፈተና ነው። ሙስሊም በሚበዛበት ሰፈር ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ድረስ ስቶቩም፣ ማፍያውም፣ ምጣዱም በአንድ ጊዜ ይበራሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህም የ350 ባለ 10 ዋት አምፖሎች ያህል ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ሃያ ምጣድ አብሮ ቢጣድ ብቻውን 70 ኪሎ ዋት ይሆናል። ስለዚህ ከመግሪብ በፊት የሚጠፋው መብራት አንዳንዴ እኛው በአንድነት የምናጠፋው ነው። በ1447 ዓመተ ሒጅራ የረመዳን ጾምና የክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም አብረው ስለዋሉ፣ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር የምንኖር ጎረቤታሞች ሁላችንም ማዕድ ቤት የምንገባበት ወር ነበር።

ከዚህ የምንወስደው የመጀመሪያ ምክር ጀነሬተርም ገንዘብም አይጠይቅም። እንጀራው ከረፋዱ እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጋገር። ውሃው በቀን ወደ ሮቶ ይሞላ። ልብስ የሚተኮሰው በጠዋት ይሁን። በአንድ መንደር አሥር ቤት እንኳ እንዲህ ቢያደርግ ትራንስፎርመሩ ይተነፍሳል፤ የምንገዛው ጀነሬተርም ያንሳል።

ነዳጁ እንደ ድሮው አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት «ትልቁን ውሰድ» የሚለው ምክር ያን ያህል አይጎዳም ነበር። አሁን ግን ሁኔታው ተለውጧል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ቆይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህም ከውጭ የሚገባ ማሽን፣ መለዋወጫና ዘይት ሁሉ ዋጋው ጨምሯል። ማደያ ሄዶ በጀሪካን ቤንዚን መቅዳትም ቁጥጥር የበዛበት ሆኗል። ስለዚህ የዛሬ ገዢ የማሽኑን ዋጋ ብቻ ማየት የለበትም፤ ማሽኑ በየምሽቱ የሚጠጣውንም ያስብ።

አንድ 2.5 ኪሎ ዋት የሆነ የቤንዚን ጀነሬተር በግማሽ ጭነት ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይፈጃል። በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 60 ሊትር ነው። ሰባት ኪሎ ዋት የሆነው ግን ጥቂት አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ቢያበራም ሞተሩ ትልቅ ስለሆነ ከዚህ በላይ ይጠጣል። ባዶውን የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፋሪ የለኝም ብሎ ነዳጅ መጠጣቱን አይተውም። ይህ ነው ኢስራፍ የሚባለው፤ ያልተጠቀምንበትን መክፈል።

ቆጠራው እንዴት ነው?

ወረቀትና እስክሪብቶ እንያዝ። በእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ ወይም ሥር ስንት ዋት እንደሚስብ ተጽፏል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ያለ መካከለኛ ቤት እንውሰድ።

ስምንት ባለ 10 ዋት አምፖል 80 ዋት ነው። ቴሌቪዥን 100 ዋት። የኢንተርኔት ዋይፋይና የስልክ ቻርጀሮች በድምሩ 60 ዋት። ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት። የጁስ መፍጫ 400 ዋት። ድምሩ 790 ዋት ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆጠራውን ያቆምና አንድ ኪሎ ዋት ማሽን ገዝቶ ይመጣል። ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ግን ማሽኑ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ምክንያቱም ሞተር ያለው ዕቃ ሁሉ ለመነሳት ለጥቂት ቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ጋሪ የሚገፋ ሰው ጋሪው ከቆመበት እስኪንቀሳቀስ የሚያወጣውን ጉልበትና ከተንቀሳቀሰ በኋላ የሚያወጣውን ያስቡት። በ150 ዋት የሚሠራ ፍሪጅ ለመነሳት እስከ 900 ዋት ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ነው፦ አብረው የሚሠሩትን ዕቃዎች ዋት ደምሩ፤ ከመካከላቸው ለመነሳት ብዙ ኃይል የሚፈልገውን አንዱን ግን በመነሻው ዋት ቁጠሩት። በምሳሌያችን ከ790 ዋት ላይ የፍሪጁን 150 ቀንሰን 900 ስንጨምር 1,540 ዋት እናገኛለን። ቤቱ የሚፈልገው ይህን ነው።

የአዲስ አበባ አየር ድርሻውን ይወስዳል

አሁን ደግሞ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይነግሩን ነገር አለ። በማሽኑ ላይ የተጻፈው ኃይል በባሕር ወለል ከፍታ አካባቢ የተለካ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። የአምራቾች መመሪያ እንደሚለው በየ300 ሜትሩ ከፍታ የሞተሩ ጉልበት 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ስሌቱን ስንሠራ 28 በመቶ ይጎድላል። በሰሌዳው 2 ኪሎ ዋት የተባለው ማሽን እዚህ የሚሰጠን 1,440 ዋት ገደማ ነው፤ ለምሳሌ ቤታችን 1,540 ስለሚያስፈልገው ፍሪጁን አያስነሳም። 2.5 ኪሎ ዋት የሆነው ግን 1,800 ዋት ይሰጣል፤ ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። ደሴም ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ስለማይርቅ ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የሚጎድለው 14 በመቶ ገደማ ነው፤ የከተማዋ ሙቀትም ጥቂት ይጨምርበታል። ለዚህ ነው ከድሬዳዋ ዘመድ «እኛ ቤት ይሠራል» ብሎ ያመሰገነው ማሽን አዲስ አበባ ሲመጣ የሚሰንፈው። ማሽኑ ተበላሽቶ ሳይሆን አየሩ ተለውጦበት ነው።

ምጣዱ ሲጨመርና ሲወጣ

አሁን ወደ ምጣዱ እንመለስ። በዚያው ቤት «እንጀራም በጀነሬተር እንጋግር» ብንልስ? በ1,540 ላይ 3,500 ስንጨምር 5,040 ዋት ይሆናል። ይህን አዲስ አበባ ላይ ለማግኘት በሰሌዳው 7 ኪሎ ዋት የሆነ ማሽን መግዛት ግድ ነው። አንድ ምጣድ የማሽኑን መጠን ከ2.5 ወደ 7 ወሰደው ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚጋገር እንጀራ ስንል በየምሽቱ ትልቅ ሞተር እናስነሳለን።

የውሃ ማሞቂያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ካውያና የኤሌክትሪክ ስቶቭም እንደ ምጣዱ ሙቀት የሚሰጡ ዕቃዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ1,000 እስከ 2,000 ዋትና ከዚያም በላይ ይስባሉ። ሙቀትን ከጀነሬተር መውሰድ ውድ ነው፤ ነዳጁን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ማድረግ፣ ኤሌክትሪኩን መልሶ ሙቀት ማድረግ ነውና። ለኢፍጣር ሾርባና ለሳምቡሳ የጋዝ ምድጃ ያለው ቤት እጅግ ይሻለዋል። ምጣዱ የግድ ነው የሚል ቤት ካለ ደግሞ የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ወይም ዝግጁ እንጀራ ለዚያች ቀን ይበቃል።

የውሃ ፓምፕ ያለው ቤት ለብቻው ይታያል። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ሲሠራ 550 ዋት ገደማ ቢስብም ለመነሳት 1,650 ዋት ሊፈልግ ይችላል። የጁስ መፍጫው ጠፍቶ ፓምፑ ሲነሳ ድምሩ 2,040 ዋት ስለሚሆን ለአዲስ አበባ 3 ኪሎ ዋት ማሽን ያስፈልጋል። ሮቶው በቀን መብራት ሳለ ከተሞላ ግን ፓምፑ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ማሽኑም ወደ 2.5 ይመለሳል። እንዲህ ነው ቅደም ተከተል ገንዘብ የሚያድነው።

ጀነሬተር የማያስፈልገው ቤትም አለ

መብራት የሚጠፋበት ጊዜ በአብዛኛው ከሦስትና ከአራት ሰዓት የማይበልጥ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ምግቡን እስከ አራት ሰዓት ድረስ ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆያል። ፍሪጁንና የጁስ መፍጫውን ከዝርዝሩ ስናወጣ በምሳሌ ቤታችን የሚቀረው 240 ዋት ብቻ ነው። ይህን ለአራት ሰዓት ለማብራት አንድ ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ይበቃል። የዚህ ባትሪ ሙሉ መጠን 2,400 ዋት ሰዓት ነው። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነውንም ብንቀንስ፣ ወደ 1,000 ዋት ሰዓት ይቀረናል፤ የሚያስፈልገን ደግሞ 960 ነው። ይህ ዕቃ ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ነዳጅ አይሰለፍም። አራስ፣ ሕፃን ወይም በሽተኛ ላለበት ቤት፣ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብም ከጀነሬተር ይልቅ ይህ ይሻላል። በፎቅ በረንዳ ላይ ጀነሬተር ማስነሳት ጨርሶ የሚመከር አይደለም።

ለመግዛት ስንወጣ

ሱቅ ስንደርስ በማሽኑ ላይ ሁለት ቁጥር እናገኛለን። አንዱ ለቅጽበት ብቻ የሚሰጠው ከፍተኛው ኃይል ነው፤ ሌላው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ነው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው። እኛ ግን የምንቆጥረው ሁለተኛውን ነው። መጠኑ በኬቪኤ ከተጻፈም ኪሎ ዋት አይደለም፤ በብዙ ማሽኖች ዘንድ በ0.8 ማባዛት ያስፈልጋል። ባለ 5 ኬቪኤ ማሽን 4 ኪሎ ዋት ነው ማለት ነው።

ናፍጣ ሞተር ጠንካራ ነው ተብሎ ይወደሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ከአቅሙ ሲሶ በታች የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በደንብ ስለማያቃጥል በጥቀርሻ ይደፈናል። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ትልቅ ናፍጣ ማሽን መግዛት ማሽኑንም መጉዳት ነው። አዲስ ማሽን የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ ውስጥ፣ ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ መቀየር አለበት። ከረመዳን በኋላ ተረስቶ እንዳይቀመጥም በወር አንድ ጊዜ ማስነሳት ይገባል።

ሦስት ሐቆች

መጠኑን ካወቅን በኋላ የማንዘለላቸው ሦስት ሐቆች አሉ።

የመጀመሪያው የቤተሰባችን ነፍስ ሐቅ ነው። ጀነሬተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የከሰል ጭስ የገደላቸውን ሰዎች ዜና ሁላችንም ሰምተናል፤ ገዳዩ ይኸው ጋዝ ነው። ማሽኑ ቤት ውስጥ፣ በጋራዥ፣ በኮሪደር ወይም በመስኮት ሥር ፈጽሞ አይነሳ። ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫው ከቤቱ ዞሮ ሜዳ ላይ ይቀመጥ። በረመዳን ደግሞ የተለየ አደጋ አለ፦ የዚህ ጋዝ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ድካምና ማቅለሽለሽ ናቸው። ጾመኛ ሰው ይህን ሲሰማው «ጾሙ ነው፣ ሲፈታ ይለቀኛል» ብሎ ይተኛል። ጀነሬተር እየሠራ ሳለ ከአንድ በላይ ሰው ራሱን ካመመው ምክንያቱ ጾም ነው አትበሉ፤ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፣ ሕክምናም ይፈለግ። ነዳጅም ማሽኑ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በቀን ብርሃን ይሞላ። ለሱሁር የሚያስፈልገው ከመግሪብ በፊት ይዘጋጅ።

ሁለተኛው የጎረቤት ሐቅ ነው። የእኛ ኢፍጣር በብርሃን እንዲሆን የጎረቤት ሕፃን በጭስ መታፈን፣ በሽተኛው በጩኸት መረበሽ የለበትም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለሱሁር ማሽን የሚያስነሳ ሰው ሙስሊምም ክርስቲያንም ጎረቤቱን አስቀድሞ ያማክር። ለሱሁር አንድ የሚሞላ መብራት ይበቃል፤ ምግቡም ከምሽቱ ሊዘጋጅ ይችላል። አነስተኛ ማሽን ድምፁም በአብዛኛው አነስተኛ ስለሆነ፣ በትክክል መለካት እዚህም ይጠቅመናል።

ሦስተኛው የማናውቀው ሰው ሐቅ ነው፤ ምሰሶ ላይ የሚወጣው የመስመር ሠራተኛ። አንዳንዶች ሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት የሆነ ገመድ ሠርተው ጀነሬተሩን በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤት ይለቁታል። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ከቤታችን የወጣው 220 ቮልት ወደ ኋላ ሲሄድ በምሰሶው ላይ 15 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ሽቦ የያዘው ሠራተኛ እኛን ከጨለማ ሊያወጣ መጥቶ ሕይወቱን ያጣል። እሱም ቤተሰቡ ለኢፍጣር የሚጠብቀው ሰው ነው። መፍትሔው ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን በቆጣሪውና በቤቱ መካከል የሚገጠም መቀያየሪያ ማብሪያ ነው፤ በተለምዶ ቼንጅ ኦቨር ይባላል። ለዚህ ገንዘብ ያልተረፈው ቤተሰብ ዕቃዎቹን በማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ከማሽኑ ጋር ያገናኝ፤ የግድግዳውን ሶኬት ግን አይንካ። የመቀያየሪያው ዋጋ ከመጀመሪያው ከጀነሬተሩ በጀት ውስጥ መቆጠር አለበት። ምጣዱን ከዝርዝሩ ያወጣ ቤት ከማሽኑ ዋጋ በተረፈው ገንዘብ ይህን ለማስገጠም አይቸገርም።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ ባልና ሚስት፣ ልጆችም ተጨምረው፣ ወረቀት ይዘው ይቀመጡ። የግድ የሚሠራው የቱ ነው? በቀን ሊሠራ የሚችለው የቱ ነው? ለአራት ሰዓት ቢጠፋ የማይጎዳው የቱ ነው? ብለው ይለዩ። በቤቱ ውስጥ ምጣዱ መቼ እንደሚጣድ፣ ፍሪጁ ስንቴ እንደሚከፈት ከማንም በላይ የምታውቀው እናት ናትና ቃሏ ይሰማ። ልጃችን ከባዕድ ሀገር የላከችው ገንዘብም ከሆነ «ይህን ያህል ፈጀ፣ ይህን ያህል ተረፈ» ብሎ ለእሷ መንገር ደግ ነው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ቤታችሁንም በሰላም ያብራላችሁ።